«ዳግም ትውውቅ» በታየ ሰሞን

ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትኬት መቁረጥ ከጀመረች አሥራ ስምንት ዓመት አልፏታል። ደንበኛው ሁሉ «የበሯ እመቤት» ይላታል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ፊልም ከዳር እስከ ዳር አይታ አታውቅም። መጀመሪያው ዘግይተው የሚመጡትን ስታስገባ ያመልጣታል፤ መሐሉን በባትሪ ወንበር ስታሳይና የሚያወሩትን «ኧረ ቀስ» ስትል በቁርጥራጭ ታየዋለች፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ የበሩን ሁለት መዝጊያ ከፍታ ጀርባዋን ለሸራው ሰጥታ ትቆማለች። እሷ የምታነበው የሚወጣውን ሰው ፊት ነው። ያለቀሰውን፣ የተሰላቸውን፣ እንቅልፍ ወስዶት የነበረውን፣ አጠገቡ ያለችውን ልጅ እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘውን አንድ በአንድ ትለያቸዋለች። ሰዉ ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ ፊልሙ ስንት ሳምንት እንደሚቆይ ትናገራለች፤ ትንቢቷም መሬት ጠብ አይልም።

ሥራ አስኪያጁ፣ «አንቺ ሃያሲ ሆነሽ ቢሆን ጋዜጠኞቹ ሁሉ ሥራ ይፈቱ ነበር» ይላታል።

«የኔ ራስ ለትምህርት አልተፈጠረም» ትለዋለች እየሳቀች። «አንዴ ተፈትኜ ወድቄ አርፌዋለሁ።»

«ዳግም ትውውቅ» የተባለው ፊልም የገባ ዕለት ግን ንባቡ ጠፋባት። ገና ፊልሙ ሳያልቅ ሰዎች እየተነሱ መውጣት ጀመሩ። አንዲት ሴትዮ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ «ይሄ ፍቅር ነው ይሉናል?» እያለች ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው እየተናገረች አለፈች። መብራት ሲበራ ደግሞ የቀረው ሕዝብ ሁለት ዓይነት ሆኖ ወጣ፤ ግማሹ ዓይኑ ቀልቶ፣ ግማሹ ጥርሱን ነክሶ። የታጩ የሚመስሉ ወንድና ሴት ደረጃው ላይ ቆሙ።

«አንተ ብትሆን ታደርገው ነበር?» አለችው ልጅቷ።

«አንቺን ላለማጣት? አዎ» አለ ልጁ፣ ደግ መልስ የመለሰ መስሎት።

ልጅቷ ቀለበቷን አውልቃ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለትና ወረደች። ልጁ መዳፉን እንደ ዘረጋ ቀረ። የበሯ እመቤትም የተቀደደ ትኬት በእጇ እንደ ያዘች ክው ብላ ቀረች። ሰው በፊልም ሲጨቃጨቅ ብዙ አይታለች፤ ትዳር ሳይጀመር ደረጃ ላይ ሲፈርስ ግን ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።

ታሪኩን ሙሉውን የነገረቻት ልጇ ናት። ልጇ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በእናቷ ሥራ ምክንያት በነፃ ስለምትገባ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ሦስቴ አይታዋለች። ዘመኑ ገና ያልመጣ ዘመን ነው። ሐኪሞች የሰው ትዝታ እንደ ፎቶ አልበም ገልጠው ማየት፣ ማውጣትና መመለስ ይችላሉ። አንዲት ሴት ባሏ ክፉኛ በድሏት ትታው ትሄዳለች፤ በሄደች በሳምንቱ መኪና ገጭቷት ትዝታዋ ይበተናል። ባልየው ሐኪም ቤት ይጠራል። «ትዝታዋን ስንመልስ የትኛውን እናስቀድም?» ብለው ይጠይቁታል። እሱ ከበደላት ዓመት ጋር አብረው የኖሩትን ዘመን ሁሉ አስወጥቶ ያስቀራል። ሴትዮዋ ስትነቃ አታውቀውም፤ እንደ አዲስ ይተዋወቃታል፤ እንደ አዲስ ትወደዋለች። በመጨረሻ እውነቱን ከአንድ ወረቀት ላይ ታገኘዋለች። ከቤት ወጥታ ደጃፉ ላይ ለረጅም ጊዜ ትቆምና ተመልሳ ትገባለች። «ስምህን ማን ነበር ያልከኝ?» ትለዋለች፤ ፊልሙም እዚያ ላይ ያበቃል።

«መመለሷ እኮ ነው ውበቱ» አለች ልጅቷ እራት ላይ። «ሁለቴ መረጠችው ማለት ነው።»

«ሳያስመርጣት?» አለች እናት። «እሱ ለእሷ መርጦ ሲያበቃ?»

«አንቺ ደግሞ እንደ ኮምጣጤ ሆንሽ።»

ኮምጣጤ በጋዜጣ ስለ ፊልም የሚጽፍ ሽማግሌ ነው፤ ስሙን ያተረፈው ከብዕሩ ነው። ያን ሳምንት፣ «ሌባ ዘፈን ስለተዘፈነለት ሙሽራ አይሆንም» ብሎ ጽፎ ነበር። በማግስቱ የሬዲዮ ፕሮግራም አዘጋጅዋ፣ «በአሥር ዓመት ውስጥ እንዲህ ደፋር የፍቅር ፊልም አላየሁም» ብላ መለሰችለት። ከዚያ በኋላ ከተማው ለሁለት ተከፈለ። አውቶቡስ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት፣ የፋርማሲ ወረፋ ላይ ሳይቀር ወሬው እሱ ብቻ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ላይ ሰዉ አዳራሹን ይሰባብርብኛል ብሎ ላብ ላብ ሲለው ነበር፤ ኋላ ጠቡ ወንበሩን ሁሉ ሲሞላለት ግን፣ «ይጣሉ፣ ይጣሉ፤ ብቻ ትኬት ቆርጠው ይጣሉ» ማለት ጀመረ።

ያን እራት ላይ ባሏም ነበር። ባሏ ሰዓት ሠሪ ነው። ረጋ ያለ፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ በወረንጦ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ብሎን አንስቶ ቦታዋ የሚያስቀምጥ ሰው። ልጅቷ ታሪኩን ስታወራ የውሃውን ብርጭቆ አንስቶ ሳይጠጣ መልሶ ሲያስቀምጠው ጠረጴዛውን ሳተው። ብርጭቆው ወለል ላይ ተከሰከሰ። የበሯ እመቤት ስብርባሪውን እየጠረገች፣ «ምነው፣ አንተንም ፊልሙ ነካህ እንዴ?» ብላ ቀለደችበት። እሱ አልሳቀም።

ረቡዕ ዕለት በቀኑ ትርዒት ወረፋው ውስጥ ባሏን አየችው። ከተጋቡ ጀምሮ ሲኒማ የገባው ሁለቴ ቢሆን ነው።

«ሱቁን ዘግተህ?» አለችው።

«ዘግቼ» አለና ትኬቱን ሰጣት።

ፊልሙ ሲያልቅ መጨረሻ የወጣው እሱ ነበር። ፊቱን አየችው። ያለቀሱት ፊት አልነበረም፤ የተናደዱት ፊትም አልነበረም። የሐኪም ቤት ውጤት ተቀብሎ የወጣ ሰው ፊት ነበር።

«ከሥራ ስትወጪ ሱቅ ነይ» አላትና ቁልቁል ወረደ።

ሱቁ ሁለት ሰው ካለበት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ ያሉት ሰዓቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጊዜ ይቆጥራሉ። ወንበሩን ለቀቀላትና እሱ የመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ።

«ማጅራት ገትር የያዘሽ ጊዜ» አለ። «ከዚያ በፊት የነበረውን ዓመት አታስታውሺውም አይደል?»

«የመግቢያ ፈተናውን መፈተኔን አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ጨለማ ነው። ታውቀዋለህ እኮ፤ ምን አዲስ ነገር መጣ?»

«ስትታመሚ እኔ ዘንድ አልነበርሽም። እህትሽ ቤት ነበርሽ።»

«ልጠይቃት ሄጄ?»

«ትተሽኝ ሄደሽ። ሻንጣሽን ይዘሽ። አሥራ አንድ ቀን ሆኖሽ ነበር።»

መጀመሪያ የመጣባት ሳቅ ነው። ፊልም አይቶ የተምታታበት መሰላት። «አንተ ሰውዬ፣ ወደ ቤት እንሂድ፤ ፀሐይ መትቶሃል» አለችው። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ የታችኛውን መሳቢያ ከነውስጡ አወጣና ከሥሩ አንድ የቢጫነት መልክ የያዘ ፖስታ ሰጣት። በላዩ ላይ የእሷ ስም ተጽፏል።

ደብዳቤው አጭር ነበር። በመግቢያ ፈተናው ባስመዘገቡት ከፍተኛ ውጤት ለነርስነት ሥልጠና ተቀብለንዎታል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ቀርበው ይመዝገቡ፤ ማደሪያ ተዘጋጅቷል። ከታች ማኅተም አለበት። ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ ደግማ አነበበችው። ፊደሎቹ ያው ነበሩ።

«አላለፍሽም ብለኸኛል» አለችው። «ከሐኪም ቤት ስወጣ ጠየቅኩህ። ፈተናውስ ብዬ ጠየቅኩህ።»

«ዋሸሁሽ።»

«መቼ ነው ደብዳቤው የመጣው?»

«ከመታመምሽ ከሁለት ወር በፊት። ማሰልጠኛው ሌላ ከተማ ነበር፤ ሁለት ዓመት እዚያው ማደር ነበረብሽ። ትሄዳለች፣ ዓለም ታያለች፣ ወደ ሰዓት ሠሪ አትመለስም ብዬ ፈራሁ። ደበቅኩት። አንድ ቀን ሱቅ ስትጠርጊ አገኘሽው፤ ምዝገባው ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። ያን ዕለት ደብዳቤውን እዚሁ ጥለሽ ነው የሄድሽው። ከዚያ ታመምሽ። ሐኪም ቤት መጥቼ በር ላይ ቆምኩ፤ ታስገባኝ ይሆን፣ ታባርረኝ ይሆን እያልኩ። ስትነቂ እጅሽን ዘረጋሽልኝ። የት ነበርክ አልሽኝ። ምን ላድርግ? እጅሽን ያዝኩ።»

የበሯ እመቤት ደብዳቤውን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ሃያ ዓመት ሙሉ በየሰዉ ፊት፣ በሠርጉም በልቅሶውም፣ «እኔ ደነዝ ነኝ» እያለች ስትስቅ ኖራለች። ያን ቀልድ ስትቀልድ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር።

«ለምን አላቃጠልከውም?»

«ስንት ጊዜ ክብሪት ጭሬያለሁ። እጄ እምቢ አለኝ።»

«ለምን ዛሬ?»

«አዳራሹ ውስጥ ሰዉ በሰውዬው ላይ ሲያፏጭ በኔ ላይ የሚያፏጭ መሰለኝ። ሌሎቹ ደግሞ እያለቀሱ ሲያጨበጭቡለት የባሰ ሆነብኝ። አንድ ሰው እንኳ እያጨበጨበልኝ መኖር አልችልም።»

ተነሥታ ወጣች። የሄደችው ወደ ታላቅ እህቷ ቤት ነው። እህቷ አልጋ ላይ የደረቀ ልብስ እያጠፈች ነበር። የበሯ እመቤት ደብዳቤውን ልብሱ ላይ አስቀመጠችው።

«እትዬ፣ ታውቂ ነበር?»

እህቷ ወረቀቱን ማንበብ አላስፈለጋትም። የያዘችውን ሸሚዝ ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ሐኪሙ አታስደንግጧት አለን። ስትድን እነግራታለሁ አልኩ። ዳንሽ፤ ግን ገና እየተንገዳገድሽ ነበር። ከዚያ አረገዝሽ። ያረገዘች ሴት እንዲህ ያለ ነገር ይነገራታል? ከዚያ ልጅ መጣች። ዝም አይነቅዝም ብዬ ሆድ ይፍጀው አልኩ።»

«ነቅዟል እትዬ። ወድቄያለሁ እያልኩ ስስቅ ሰምተሽኛል። አብረሽኝ ስቀሻል።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ይባላል፤ የራሷን ወሬ ከሁሉ መጨረሻ የሰማችው እሷው ነበረች።

ቤት ስትደርስ ባሏ ከእሷ ቀድሞ ገብቶ፣ ልጃቸውን አስቀምጦ ሁሉንም ነግሯት ኖሯል። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ደብዳቤውን ያኔ ሰጥቶሽ ቢሆን» አለች ልጅቷ፣ «እኔ አልነበርኩም ማለት ነው።»

እናት አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «አንቺን የወለደሽ ውሸት አይደለም፤ እኔ ነኝ የወለድኩሽ። አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ምጥ ነው፤ እሱን ደግሞ አንድ ደቂቃ ሳይጎድል አስታውሰዋለሁ።»

ከዚያ ቀና ብላ ባሏን አየችው። «ባለፈው የወጣሁት እኔ ነበርኩ» አለችው። «ዛሬ አንተ ውጣ።»

እሱም ብርድ ልብስና መላጫውን በከረጢት ይዞ ወደ ሱቁ ሄደ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ኮምጣጤንና የሬዲዮዋን አዘጋጅ ፊት ለፊት ለማገናኘት ትልቅ ክርክር አዘጋጅቶ ነበር። ፊልሙ ይታያል፤ ከዚያ ሁለቱ ይከራከራሉ፤ ሕዝቡም ይጠይቃል። የበሯ እመቤት ወደ ቢሮው ገብታ፣ «ዛሬ በሩን ሌላ ሰው ይያዝልኝ፤ ፊልሙን ማየት እፈልጋለሁ» አለችው። ሰውዬው ከድንጋጤው ብዛት፣ «ፊልም? አንቺ?» ብሎ እስክሪብቶውን ጣለ። የኋለኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ታሪክ ከዳር እስከ ዳር አየች። ሴትዮዋ ደጃፉ ላይ ቆማ ተመልሳ ስትገባ ግማሹ አጨበጨበ፤ ግማሹ «ውጪ፣ ውጪ» አለ።

ክርክሩም ያው ነበር። ኮምጣጤ ጣቱን እየቀሰረ፣ «ይህ ሰው መታሰር አለበት» አለ። የሬዲዮዋ ሴትዮ ደግሞ፣ «እንዲህ የሚወድ ሰው ጥፋቱ ይቅር አይባልም ወይ?» አለች። ሕዝቡ እየተነሣ ሰውዬው ይወዳታል፣ አይወዳትም እያለ ተናቆረ። የበሯ እመቤት እጇን ስታነሣ የሚያውቋት ደንበኞች ዘወር ዘወር አሉ። ማይክራፎኑን ሰጧት።

«እኔ በር ላይ የምቆመው ነኝ» አለች። «ይወዳታል። እሱን አይቻለሁ፤ አታስቸግሩ። ግን ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ሰውዬው ነው። ይታሰር፣ ይማር፣ ይቅር ይባል። ሴትዮዋ እኮ ሄዳ ነበር። አስባ፣ አልቅሳ፣ ሻንጣዋን ይዛ ሄዳ ነበር። ያ ሐሳቧ የት ገባ? የወሰደባት ክፉውን ትዝታ ብቻ አይደለም፤ የቆረጠችበትን ቀን ነው የወሰደባት። ያን ቀን እሷ ማን እንደነበረች የጠየቀ ሰው አልሰማሁም።»

የሬዲዮዋ ሴትዮ ድምጿን ቀንሳ፣ «ታዲያ መጨረሻ ላይ መመለሷን እንዴት አዩት?» አለቻት።

«ተቻኮለች። አይፈረድባትም፤ ፊልሙ ሁለት ሰዓት ነው፤ ሳያልቅባት መግባት አለባት። የኔ ሁለት ሰዓት አይደለም።»

የመጨረሻዋ ቃል ሳታስበው ነው ያመለጠቻት። ከፊት ረድፍ ጀምሮ ራሶች ሁሉ ወደ ኋላ ዞሩ። አንዳንዱ አፉን በእጁ ያዘ። እሷ ማይክራፎኑን አጠገቧ ላለው ሰው አቀብላ ወጣች፤ ከልማዷ የተነሣም የበሩን ሁለት መዝጊያ ከፍታ ወጣች።

ኮምጣጤ ደረጃው ላይ ደረሰባት። ዕድሜው ሰባ ያለፈ ሰው ነው፤ ሮጦ ነበርና እያለከለከ፣ «የኔ አሉ እኮ» አላት። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቢነግሩኝ ልጽፈው?»

«ስለ ፊልሙ ይጻፉ ጋሼ። እኔ የእርስዎ ፊልም አይደለሁም።»

ሽማግሌው ባርኔጣውን አነሣላትና ተመለሰ። በሳምንቱ በወጣው ጽሑፉ ስለሷ አንድም መስመር አልነበረም። «ሦስት ጽሑፍ ሙሉ በባልየው ላይ ስፈርድ፣ ስለ ሴትዮዋ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ መጻፌን ቆጥሬ አፈርኩ» የሚል ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጮክ ብሎ አነበበላት። እሷ «ደግ» ብላ ትኬት መቁረጧን ቀጠለች። ፊልሙ ዘጠኝ ሳምንት ቆየ።

ነርስ ለመሆን ዕድሜዋም አቅሟም አልፈቀደላትም፤ ማሰልጠኛው ድረስ ሄዳ ጠይቃ ነው ያረጋገጠችው። እዚያው ግን ሕሙማንን ቤት ለቤት መንከባከብ የሚያስተምር የዘጠኝ ወር ኮርስ በራሷ ከተማ እንዳለ ነገሯትና ተመዘገበች። ጠዋት ጠዋት ትማራለች፤ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ናት። መምህርቷ በዕድሜ ልጇን ብትበልጥ በጥቂት ዓመት ነው። የመጀመሪያው ፈተና ውጤት ሲለጠፍ ከሠላሳ አንድ ሰው ሁለተኛ ወጣች። ደስ ይላታል ብላ ስትጠብቅ የመጣባት ንዴት ነው። መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ቆልፋ፣ ፎጣዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወደ ክፍል ተመለሰች፤ ያን ቀን ስለ አልጋ ቁስል ነበር የሚማሩት።

ከእህቷ ጋር ለአራት ወር አልተነጋገሩም። አሁን ይነጋገራሉ፤ እንደ ድሮው ግን አይደለም። ባሏ አሁንም የሚያድረው ሱቁ ውስጥ ነው። አልተፋቱም፤ አልታረቁምም። እሑድ እሑድ ይመጣል። ወንበር ትሰጠዋለች፣ ሻይ ትቀዳለታለች፣ ስለዚያ ስለማታስታውሰው ዓመት አንድ ጥያቄ ትጠይቀዋለች። እሱም ሳይቀንስ ይመልሳል። ስለ ምን ይጣሉ እንደነበር፣ ምን ዓይነት ቀሚስ ታዘወትር እንደነበር፣ ደብዳቤውን ስትጠብቅ በየቀኑ ፖስታ ቤት ስንት ጊዜ ትመላለስ እንደነበር። አንዳንዱን ሰምታ፣ «በቃ፣ ዛሬ ሂድ» ትለዋለች። ልጃቸው፣ «መቼ ነው የሚያልቀው?» ብላ ስትጠይቃት፣ «ሙሉ ዓመት እኮ ነው ልጄ፤ ሰምቼ ስጨርስ እወስናለሁ» አለቻት።

ባለፈው እሑድ የጠየቀችው ስለ ሄደችበት ቀን ነበር።

«ስወጣ ምን አልኩህ?»

ባሏ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ አሰበ። «ክፉ ትናገሪኛለሽ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ትረግሚኛለሽ ብዬ። አንቺ ግን ጎንበስ ብለሽ ጫማሽን እያሰርሽ፣ ምሳህ ምድጃው ላይ ነው፣ እንዳያርርብህ አልሽኝ።»

ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብላ ሳቀች። ወዲያው ሳቋ ቆመ።

«እሷን፣ ያን ቀን የሄደችውን፣ አውቃታለሁ» አለች።

እሱ ሻዩን ጨርሶ፣ ደህና ዋይ ብሎ ወጣ። እሷም ብርጭቆዎቹን አነሣችና ሰኞ ለሚጠብቃት ፈተና ደብተሯን ዘረጋች።